አንዲት ጥያቄ ስንት ታወጣለች? የንግድ መዝገብ ፍለጋና የማረጋገጫ ሶፍትዌር ወጪ

«መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ» ይላል የአገራችን ብሂል። ብሂሉ በተነገረበት ዘመን ጠያቂውም ተጠያቂውም ሰው ነበሩ፤ ጠያቂው ሲታክተው ዝም ይላል፣ ተጠያቂውም ሲሰለቸው ፊቱን ያዞራል። ዛሬ ግን ጠያቂውም መላሹም ኮምፒውተር የሆኑበት የሥራ መስክ ብዙ ነው። ኮምፒውተር ደግሞ ድካም አያውቅም። አንዱን ጥያቄ በአንድ ሌሊት ሺህ ጊዜ እንዲደጋግም የሚያዝ መመሪያ በስሕተት ከተጻፈለት ሺህ ጊዜ ይጠይቃል። የአንዱ ጥያቄ ዋጋ 10 ዶላር ከሆነ ታዲያ ጧት ላይ የ10,000 ዶላር ሂሳብ ይጠብቃል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የንግድ ድርጅቶችን ማንነት የሚያጣራ ሶፍትዌር በመንግሥት የንግድ መዝገቦች ውስጥ የሚያካሂደውን ፍለጋ፣ ፍለጋው የሚያስከትለውን ወጪና ወጪው የሚገታበትን ሳይንሳዊ መንገድ ነው። ጉዳዩ በመጀመሪያ እይታ የሂሳብ ሠራተኞች ጉዳይ ይመስላል። ቀረብ ብለን ስናየው ግን የቁጥር ንድፈ ሐሳብ፣ የፕሮባቢሊቲና የካልኩለስ መልመጃ ሆኖ እናገኘዋለን።

መዝገቡና መርማሪው

የንግድ መዝገብ ማለት አንድ ድርጅት በሕግ ፊት «መወለዱን» የሚመሰክር ሰነድ ነው። የድርጅቱ ስም፣ የተመሠረተበት ቀን፣ አድራሻው፣ ሥራ አስኪያጆቹ፣ በአንዳንድ አገሮችም ባለቤቶቹ በዚህ መዝገብ ይሰፍራሉ። ድርጅቱ ሲፈርስም ሞቱ የሚመዘገበው እዚያው ነው። በአገራችን የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ የንግድ መዝገብን አስፈላጊነት ደንግጓል፤ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980ም የምዝገባውን አሠራር በዝርዝር ወስኗል።

አንድ ባንክ ለአንድ ድርጅት ሂሳብ ሲከፍት ድርጅቱ በእርግጥ መኖሩን፣ ያልፈረሰ መሆኑንና ከጀርባው ያሉትን ሰዎች ማንነት የማጣራት ግዴታ አለበት። ቀድሞ ይህን ሥራ የሚሠራው ሰነድ የሚያገላብጥ ሠራተኛ ነበር። ዛሬ ግን በብዙ አገሮች የማረጋገጫ ሶፍትዌር ጥያቄውን በኢንተርኔት አማካይነት ለመዝገቡ ሰርቨር ይልካል፤ ምላሹንም በሴኮንዶች ውስጥ ተቀብሎ ከደንበኛው ማመልከቻ ጋር ያመሳክራል።

ማጣራት ሲጓደል የሚደርሰውን ጉዳት ለመረዳት የዳንስኬ ባንክን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። (በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገር ክንውኖች ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በመስከረም 2018 ይፋ በሆነው ምርመራ መሠረት ከ2007 እስከ 2015 ባለው ጊዜ 200 ቢሊዮን ዩሮ ገደማ የሚሆን ገንዘብ በባንኩ የኢስቶኒያ ቅርንጫፍ ውስጥ የአገሪቱ ነዋሪ ባልሆኑ ደንበኞች ሂሳብ አልፏል። ከዚህም ውስጥ ከፍተኛው ክፍል አጠራጣሪ ሆኖ ተገኝቷል። ከደንበኞቹ መካከል በእንግሊዝ አገር የተመዘገቡ፣ ነገር ግን እውነተኛ ባለቤቶቻቸው የማይታወቁ የሽርክና ማኅበራት ይገኙበት ነበር። ባንኩ በታኅሣሥ 2022 በአሜሪካ ፍርድ ቤት ጥፋተኝነቱን አምኖ 2 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ከዚህ አንጻር ሲታይ ጥያቄ መጠየቅ ርካሽ ነው። ይሁንና «ርካሽ ነው» ማለት «ያለ ገደብ ይጠየቅ» ማለት አይደለም።

የዋጋ ሰሌዳው

የመዝገቦች ዋጋ ከአገር አገር ይለያያል። ሦስት ምሳሌዎችን እንመልከት።

የመጀመሪያው የአሜሪካዋ ደላዌር ግዛት ነው። በዚህች ትንሽ ግዛት ከ2 ሚሊዮን በላይ ድርጅቶች ተመዝግበው ይገኛሉ። የግዛቲቱ መዝገብ ስምን፣ የመዝገብ ቁጥርን፣ የምሥረታ ቀንንና የተመዘገበ ወኪልን በነጻ ያሳያል። ድርጅቱ በሕጋዊ አቋም ላይ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ግን 10 ዶላር፣ የታክስና የቀድሞ ታሪኩን ጭምር ለማየት 20 ዶላር ይጠየቃል። በተጨማሪም መዝገቡ በገጹ ላይ ማንኛውንም አውቶማቲክ መሣሪያ የሚጠቀም ሰው አገልግሎቱ ሊቋረጥበት እንደሚችል ያስጠነቅቃል።

ሁለተኛው የጀርመን የንግድ መዝገብ ነው። እስከ ሐምሌ 2022 ድረስ አንድ የመዝገብ ቅጂ ለማውጣት 4.50 ዩሮ፣ ለአንድ ተያያዥ ሰነድ ደግሞ 1.50 ዩሮ ይከፈል ነበር። ከነሐሴ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ክፍያው ቀርቷል። ሆኖም የአጠቃቀም ደንቡ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ60 በላይ ሰነዶችን ማውጣትን ይከለክላል።

ሦስተኛው ካምፓኒስ ሃውስ በሚል ስም የሚታወቀው የእንግሊዝ መዝገብ ነው። ይህ ተቋም ከሰኔ 2015 ጀምሮ የዲጂታል መረጃውን ሁሉ በነጻ አቅርቧል። ለሶፍትዌሮች ብቻ የተዘጋጀ የመጠየቂያ በርም አለው፤ በዚህ በር በኩል አንድ ተጠቃሚ በ5 ደቂቃ ውስጥ እስከ 600 ጥያቄዎች ሊልክ ይችላል። ከዚያ ካለፈ ሰርቨሩ ቁጥር 429 በተባለው መልእክት «ጥያቄህ በዛ» ብሎ ይመልሰዋል።

ከእነዚህ ምሳሌዎች እንደምንረዳው የፍለጋ ወጪ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው በገንዘብ የሚከፈለው ነው። ሁለተኛው በኮታ የሚለካው ነው፤ ይኸውም በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ሊጠየቅ የሚችለው የጥያቄ ብዛት ነው። «ነጻ» የሚባለው መዝገብ እንኳ የዋጋ ሰሌዳውን ከገንዘብ ወደ ጊዜ ቀየረው እንጂ ጨርሶ አልሰረዘውም።

ከመጠየቅ በፊት ማሰብ፦ የማረጋገጫ አሃዝ

ከሁሉ ርካሹ ጥያቄ ያልተጠየቀው ነው። ማመልከቻ የሞላው ሰው የድርጅቱን የመለያ ቁጥር ሲጽፍ አንድ አሃዝ ቢሳሳት ሶፍትዌሩ የማይገኝን ድርጅት ሲፈልግ ገንዘብ ያባክናል። የባሰው ደግሞ ስሕተቱ ከሌላ ድርጅት ቁጥር ጋር ከገጠመ ነው። መፍትሔው ቁጥሩ ራሱ ስለ ራሱ እንዲመሰክር ማድረግ ነው።

በመስከረም 2008 ሌማን ብራዘርስ የተባለው የአሜሪካ የኢንቨስትመንት ባንክ ሲወድቅ ማን ከማን ጋር ምን ያህል ውል እንዳለው በፍጥነት ለማወቅ አስቸጋሪ ሆኖ ነበር። ከቀውሱ በኋላ ለሕጋዊ አካላት ሁሉ የሚያገለግል ባለ 20 ሆሄ ዓለም አቀፍ መለያ ተፈጠረ፤ ሥርዓቱን የሚመራው ተቋምም በ2014 ተመሠረተ። የመለያው ሙሉ መረጃ ለማንም በነጻ ይሰጣል። የመለያው የመጨረሻ ሁለት አሃዞች የማረጋገጫ አሃዞች ሲሆኑ የሚሰሉትም በ97 በማካፈል ነው።

አሠራሩን በትንሽ ምሳሌ እንይ። መለያችን 12345 ነው እንበል። በስተቀኙ ሁለት ዜሮዎች ስንጨምር 1234500 ይሆናል። ይህን ለ97 ስናካፍል 78 ይተርፋል። ከ98 ላይ 78 ሲቀነስ 20 እናገኛለን፤ ስለዚህ ሙሉው መለያ 1234520 ይሆናል። ይህ ቁጥር ለ97 ሲካፈል ምንጊዜም የሚተርፈው 1 ነው። አሁን ጸሐፊው 3ንና 4ን አቀያይሮ 1243520 ብሎ ቢጽፍ የሚተርፈው 77 ይሆናል። ሶፍትዌሩም ወደ መዝገቡ ሳይሄድ፣ ሳንቲም ሳያወጣ «ቁጥሩ ተሳስቷል» ይላል።

ለምን 97 ተመረጠ? 97 ዋና ቁጥር ነው፤ ከራሱና ከ1 በቀር ሌላ አካፋይ የለውም። አንድ አሃዝ ሲሳሳት ቁጥሩ የሚለወጠው ከ1 እስከ 9 ባለ አሃዝ ሲባዛ በ10 ርቢ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አሃዞች ሲቀያየሩ ደግሞ ለውጡ በልዩነታቸው ሲባዛ በ9፣ እንደገናም ሲባዛ በ10 ርቢ ነው። በሁለቱም ሁኔታዎች ውጤቱ ለ97 ሊካፈል ስለማይችል ስሕተቱ ሳይታይ አያልፍም። በዘፈቀደ የተጻፈ ቁጥር እንኳ ከ97 ጊዜ አንድ ጊዜ ያህል ብቻ ያመልጣል። የፈረንሳይና የኖርዌይ የድርጅት መለያዎችም ባለ 9 አሃዝ ሆነው የየራሳቸው የማረጋገጫ አሃዝ አላቸው። የእንግሊዝ ባለ 8 ሆሄ ቁጥር ግን ይህ ጥበቃ ስለሌለው የተለየ ጥንቃቄ ይሻል።

የስም ጣጣ

የመለያ ቁጥር በማይገኝበት ጊዜ ፍለጋው በስም ይሆናል። በስም መፈለግ ደግሞ የወጪ ምንጭ ነው። ለዚህ የአማርኛ አንባቢ ሩቅ ምሳሌ አያስፈልገውም። «ፀሐይ» የሚለው ቃል በ«ፀ» ወይም በ«ጸ»፣ በ«ሐ» ወይም በ«ሀ» ወይም በ«ኀ» ሊጻፍ ይችላል። ሁለት ሲባዛ በሦስት ስድስት አጻጻፍ ማለት ነው። ስሙ ወደ ላቲን ፊደል ሲገለበጥ ደግሞ ጸሐፊው እንደ ልማዱ ስለሚጽፈው አማራጩ ይበዛል። በባሕር ማዶ የሚኖሩ ወገኖቻችን ድርጅት ሲያስመዘግቡ አንዱ ስም በባንክ አንድ ዓይነት፣ በመዝገብ ሌላ ዓይነት ሆኖ የሚገኝበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሶፍትዌሩ ስድስቱንም አጻጻፍ አንድ በአንድ ቢጠይቅ ስድስት ጊዜ ይከፍላል። ብልህ ንድፍ ግን ድምፀ ሞክሼ ፊደላትን አስቀድሞ ወደ አንድ ወጥ ፊደል ይመልሳቸዋል። «ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር» የሚለውንና «ኃ/የተ/የግ/ማ» የሚለውን አጽሕሮት እኩል አድርጎ ይቆጥራል። ከዚያም በራሱ የመረጃ ቋት ውስጥ ቀድሞ የተገኘ ተመሳሳይ ስም መኖሩን ያያል። ቭላዲሚር ሌቨንሽታይን የተባለው የሶቭየት የሂሳብ ሊቅ በ1965 ያቀረበው የርቀት መለኪያ እዚህ ላይ ይጠቅማል። መለኪያው አንድን ቃል ወደ ሌላው ለመለወጥ ስንት ሆሄ መጨመር፣ መቀነስ ወይም መተካት እንደሚያስፈልግ ይቆጥራል። ይህ ስሌት የሚካሄደው በራስ ኮምፒውተር ላይ ስለሆነ የመዝገብ ክፍያ የለበትም።

መልሱን ለስንት ጊዜ እናስቀምጥ?

አንድ ጊዜ የተከፈለበትን መልስ አስቀምጦ ደግሞ መጠቀም የቁጠባ ሁሉ መሠረት ነው። የኮምፒውተር ሰዎች ይህን ማስቀመጫ መሸጎጫ ይሉታል። ጥያቄው ግን መልሱ ለስንት ጊዜ ይቀመጥ የሚለው ነው። ዕለት ዕለት ብናድስ ወጪው ይንራል፤ ለዓመታት ብናቆይ ደግሞ የፈረሰን ድርጅት በሕይወት እንዳለ ቆጥረን እንከስራለን። ሁለቱን ተቃራኒ ወጪዎች የምታስታርቅ ቀመር ማግኘት ይቻላል።

የአንድ ጥያቄ ዋጋ ዋ ይሁን። በዓመት የሚከሰቱ ወሳኝ ለውጦች አማካይ ቁጥር ለ ይሁን። ያረጀ መረጃ ይዞ አንድ ዓመት መቆየት የሚያስከትለው ጉዳት ጉ፣ በሁለት እድሳቶች መካከል ያለው ጊዜ ደግሞ ጊ ይሁን። በዓመት ለጥያቄ የምናወጣው ዋ ሲካፈል ለጊ ነው። ለውጥ በማንኛውም ቀን ሊከሰት ስለሚችል ሳናውቀው የሚቆየው በአማካይ የጊን ግማሽ ያህል ነው፤ ስለዚህ የዓመቱ ጉዳት ለ × ጉ × ጊ ÷ 2 ይሆናል። የሁለቱ ድምር ዝቅተኛ የሚሆንበትን ነጥብ በካልኩለስ ስንፈልግ የሚከተለውን እናገኛለን፦

ጊ = √(2 × ዋ ÷ (ለ × ጉ))

ቁጥር እናስገባ። ዋጋው 10 ዶላር፣ ለውጡ በ5 ዓመት አንዴ (ማለትም በዓመት 0.2)፣ ጉዳቱ በዓመት 3,600 ዶላር ነው ብለን እንገምት። ከሥሩ ምልክት በታች ያለው 20 ሲካፈል ለ720፣ ማለትም 1/36 ይሆናል። ሥሩ 1/6 ነው፤ የአንድ ዓመት አንድ ስድስተኛ ሁለት ወር ነው። በየሁለት ወሩ ስንጠይቅ ለጥያቄ 60 ዶላር፣ ለጉዳት 60 ዶላር፣ በድምሩ 120 ዶላር ይሆናል። ዕለት ዕለት ብንጠይቅ ግን 3,651 ዶላር ያህል፣ በዓመት አንዴ ብቻ ብንጠይቅ 370 ዶላር ያስወጣናል።

ይህ ቀመር ሦስት ነገሮችን ያስተምራል። አንደኛ፣ በተመረጠው ነጥብ ላይ ሁለቱ ወጪዎች እኩል ናቸው። ሁለተኛ፣ የጥያቄው ዋጋ አራት እጥፍ ቢጨምር የእድሳቱ ጊዜ የሚያድገው ሁለት እጥፍ ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ ግምታችን ባይሰምር እንኳ ቀመሩ ይቅር ባይ ነው፤ ትክክለኛውን ጊዜ በእጥፍ ብናስረዝመው ወይም በግማሽ ብናሳጥረው ጠቅላላ ወጪው ከ120 ወደ 150 ዶላር፣ ማለትም በ25 በመቶ ብቻ ከፍ ይላል። በነገራችን ላይ ይህ ቀመር ለመጋዘን ሠራተኞች አዲስ አይደለም። ፎርድ ሃሪስ የተባለ አሜሪካዊ በ1913 አንድ ፋብሪካ በአንድ ጊዜ ስንት ዕቃ ማምረት እንዳለበት ያሰላው በዚሁ ዓይነት የካሬ ሥር ነው። የመጋዘን ዕቃና የመዝገብ መረጃ በሂሳብ ዓይን ወንድማማቾች ሆኑ ማለት ነው።

ሁሉም ደንበኛ በአንድ መስፈሪያ መሰፈር እንደሌለበትም ከቀመሩ ግልጽ ነው። አደጋው ከፍ ያለ ደንበኛ ጉው ስለሚበልጥ ቶሎ ቶሎ ይታደሳል፤ አደጋው ዝቅ ያለው ዘግየት ይላል።

ከቱ ይቅደም?

አንድን ማመልከቻ ለማጣራት ብዙ ፍተሻዎች ሲኖሩ ቅደም ተከተላቸውም ወጪውን ይወስናል። ለምሳሌ አንደኛው ፍተሻ 20 ዶላር የሚያስከፍልና ከ100 ማመልከቻዎች 10ሩን ውድቅ የሚያደርግ፣ ሁለተኛው 1 ዶላር የሚያስከፍልና ከ100 ማመልከቻዎች 20ውን ውድቅ የሚያደርግ ነው እንበል። አንዱ ፍተሻ ከጣለው ሌላው አያስፈልግም። ውዱን ካስቀደምን የአንድ ማመልከቻ አማካይ ወጪ 20 ሲደመር 0.9 ሲባዛ በ1፣ ማለትም 20.90 ዶላር ነው። ርካሹን ካስቀደምን 1 ሲደመር 0.8 ሲባዛ በ20፣ ማለትም 17 ዶላር ይሆናል። በ10,000 ማመልከቻዎች ላይ ልዩነቱ 39,000 ዶላር ነው። ይህ ሁሉ ትርፍ የተገኘው ሁለት የፕሮግራም መስመሮችን ቦታ በማቀያየር ብቻ ነው።

አጠቃላይ ሕጉም ቀላል ነው፤ ፍተሻዎቹ አንዱ በሌላው ላይ የማይመረኮዙ ከሆነ የእያንዳንዱን ዋጋ ውድቅ ለማድረግ ባለው ዕድል ማካፈልና ከትንሹ ጀምሮ መደርደር ነው። በምሳሌያችን 20 ሲካፈል ለ0.1 200፣ 1 ሲካፈል ለ0.2 ደግሞ 5 ይሆናል፤ ስለዚህ ባለ 5ቱ ይቀድማል።

ውኃው ወደ ቤት ሲመጣ

ዋጋው ዜሮ ሲሆን ቀመራችን «ሁልጊዜ ጠይቅ» ይላል። በዚህ ጊዜ የሚገታን ኮታው ነው። የእንግሊዝ መዝገብ ከ5 ሚሊዮን በላይ ድርጅቶችን ይዟል። 5 ሚሊዮኑን በ5 ደቂቃ 600 እያልን ብንጠይቅ 41,667 ደቂቃ፣ ይህም 29 ቀን ገደማ ይወስዳል። የመጨረሻውን ስንጨርስ የመጀመሪያው ወር ሊሞላው ነው።

ይሁንና መዝገቡ የድርጅቶቹን መሠረታዊ መረጃ በአንድ ጥቅል በየወሩ በነጻ ያወጣል። ከዚህም በላይ ለውጥ ሲኖር ለውጡን ብቻ እየላከ የሚያሳውቅ የፍሰት አገልግሎት አለው። ጥቅሉን አንዴ ወስዶ በራስ የመረጃ ቋት አስፍሮ፣ ከዚያም ፍሰቱን መከተል ማለት በየቀኑ ምንጭ ወርዶ ውኃ በመቅዳት ፈንታ ቧንቧ ወደ ቤት እንደ ማስገባት ነው። የአውሮፓ ኮሚሽንም በ2023 ባወጣው ደንብ የድርጅት መረጃዎችን ከፍተኛ ጠቀሜታ ካላቸው የመንግሥት መረጃዎች መካከል መድቦ፣ በነጻና በጥቅል እንዲቀርቡ ከ2024 ጀምሮ በአባል አገሮቹ ላይ ግዴታ ጥሏል።

ልጓም

ከላይ የተዘረዘሩት ዘዴዎች ሁሉ ሶፍትዌሩ እንደታሰበው ሲሠራ የሚያገለግሉ ናቸው። ሳይሠራ ሲቀር የሚይዘው ልጓም ደግሞ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ልጓም የእንስራ ዘዴ ሊባል ይችላል። በእንስራው ውስጥ በተወሰነ ፍጥነት የሚንጠባጠቡ ፈቃዶች አሉ፤ እያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ፈቃድ ይቀዳል። እንስራው ባዶ ከሆነ ጥያቄው ተራውን ይጠብቃል። ለጀርመኑ መዝገብ በደቂቃ አንድ ጠብታ ማለት ነው።

ሁለተኛው ልጓም ድግግሞሽን ይመለከታል። መልስ ሳይመጣ ሲቀር ሰነፍ ፕሮግራም ወዲያው ደግሞ ይጠይቃል። መዝገቡ ግን ጥያቄውን ተቀብሎ፣ ሂሳቡንም ቆርጦ፣ መልሱ በመንገድ ላይ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ድግሙም ሁለተኛ ክፍያ ያስከትላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ጥያቄ ከመላኩ በፊት በራስ ማኅደር ልዩ ቁጥር ተሰጥቶት ይመዘገባል። ሁለት ሠራተኞች ስለ አንድ ድርጅት በአንድ ጊዜ ቢጠይቁም አንድ ጥያቄ ብቻ ወጥቶ መልሱ ለሁለቱም ይደርሳል። ድጋሚ ሙከራም ከ1፣ ከ2፣ ከ4፣ ከ8 ሴኮንድ በኋላ እያለ በእጥፍ እየራቀ ይሄዳል። በዚህ ላይ በዘፈቀደ የተመረጠ ትንሽ መዘግየት ይጨመርበታል፤ አለዚያ መቶ ኮምፒውተሮች በአንድ ቅጽበት ተሰልፈው በሩን ያንኳኳሉ።

ሦስተኛው ልጓም የበጀት ጣሪያ ነው። ወጪው የቀኑ በጀት ሰማንያ በመቶ ላይ ሲደርስ ኃላፊው እንዲያውቅ ይደረጋል፤ መቶ ላይ ሲደርስ ፍለጋው ይቆማል። እዚህ ላይ ከሁሉ የሚበልጥ ጥያቄ ይነሣል። በጀቱ ሲያልቅ ያልተጣራው ማመልከቻ ምን ይሁን? ለመቆጠብ ሲባል «ተረጋግጧል» ተብሎ ካለፈ ሶፍትዌሩ ከጥቅሙ ጉዳቱ ይብሳል። ትክክለኛው ንድፍ ማመልከቻው እስኪጣራ በተራ እንዲቆይ፣ አስቸኳይ ከሆነም ወደ ሰው እንዲተላለፍ ማድረግ ነው። መዘግየት ደንበኛን ያስቀይማል፤ የሐሰት ማረጋገጫ ግን የማረጋገጫን ትርጉም ራሱን ያጠፋል።

ርካሽ መልስና እውነተኛ መልስ

መዝገብ የተናገረው ሁሉ እውነት አለመሆኑንም መዘንጋት አይገባም። የእንግሊዝ መዝገብ ለረጅም ዘመን የቀረበለትን መረጃ በቅን ልቡና ተቀብሎ ከመመዝገብ ያለፈ የማጣራት ሥልጣን አልነበረውም። በ2023 የወጣው የኢኮኖሚ ወንጀልና የድርጅቶች ግልጽነት ሕግ ሁኔታውን ለወጠ፤ መዝገቡ ከመጋቢት 4 ቀን 2024 ጀምሮ አጠራጣሪ መረጃን የመጠየቅና የመመለስ ሥልጣን አገኘ። ስለዚህ አንድን ውሸት መቶ ጊዜ በነጻ መጠየቅ አንድን እውነት አይወልድም። ከቁጠባ የተረፈው ገንዘብ አጠራጣሪ በሆኑት ጥቂት ማመልከቻዎች ላይ በሰው ዓይን ለሚደረግ ምርመራ ቢውል ቁጠባው ዓላማውን ይመታል።

ሌላው ጉዳይ የግል ሕይወት ነው። የጀርመን መዝገብ በ2022 ክፍያውን ሲያነሣ የልደት ቀን፣ የመኖሪያ አድራሻና ፊርማ የያዙ ሰነዶች ለማንም ሰው ክፍት ሆነው መገኘታቸው ብርቱ ተቃውሞ አስነሥቶ ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር 22 ቀን የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት የድርጅቶች እውነተኛ ባለቤቶች መረጃ ያለ ልዩነት ለሕዝብ ሁሉ ክፍት እንዲሆን የሚያዘውን ድንጋጌ ውድቅ አድርጓል። ክፍያ እንደ አጥር ያገለግል እንደነበር የታወቀው አጥሩ ሲነሣ ነው። መልስ የሚያከማች ሶፍትዌርም የሰዎችን መረጃ ስለሚያከማች፣ የእድሳት ጊዜ ብቻ ሳይሆን የመደምሰሻ ጊዜም ሊወሰንለት ይገባል።

በአገራችንም የንግድ ምዝገባና የባንክ አገልግሎት ወደ ኤሌክትሮኒክ መንገድ በመሸጋገር ላይ ናቸው። እንዲህ ያለውን ሥርዓት የሚነድፉት ዛሬ በየትምህርት ቤቱና በየዩኒቨርሲቲው ያሉ ወጣቶች ናቸው። ለመለያ ቁጥሩ የማረጋገጫ አሃዝ ይጨመርለት? ድምፀ ሞክሼ ፊደላት እንዴት ይፈለጉ? መረጃው በጥያቄ ይሰጥ ወይስ በጥቅል? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሥርዓቱ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በወረቀት ላይ ሲወሰን የሚያስወጣው ትንሽ ነው። ከዚያ በኋላ ግን እያንዳንዱ ፍለጋ ዋጋውን ይዞ ይመጣል።